ጥያቄና መልስ፦ ፋዶ ቤት የሚገባ ሰው

ጥያቄ፦ በጥቅምት ለሥልጠና ሊዝበን አራት ቀን እቆያለሁ። አንድ ማታ ፋዶ የሚባለውን በጊታር የሚታጀብ የፖርቱጋል ዘፈን በአካል ተገኝቼ መስማት እፈልጋለሁ። ነገሩ እንደ አዝማሪ ቤት ነው? ሙስሊም ስለሆንኩ ምግቡም ያሳስበኛል። (ከጅማ፣ ሄርማታ)

መልስ፦ አዝማሪ ቤት የለመደ ሰው ፋዶ ቤት ሲገባ የሚሳሳተው በአፉ ነው። አዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ካልወረወረ ቤቱ አይሞቅም። ፋዶ ቤት ግን መብራቱ ዝቅ ይልና አንድ ሰው «ሲሌንሲዩ» (ጸጥታ) ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሹካ እንኳ ሲንኳኳ ሰው ይዞርብዎታል። ብዙዎቹ ቤቶች ጠባብ ናቸው፣ ማይክሮፎንም አይጠቀሙም። ስለዚህ የእርስዎ ሹክሹክታ የዘፋኟን ድምፅ ይሸፍነዋል። ግንባር ላይ ብር መለጠፍ የሚባል ነገር የለም። ማጨብጨብ ዘፈኑ ሲያልቅ ነው፤ ልብዎን ከነካዎት «አ ፋዲሽታ!» ቢሉ ደስ ይላቸዋል፤ ፋዲሽታ የፋዶ ዘፋኝ ማለት ነው።

አንድ ዘፋኝ ሦስት አራት ዘፈን ያህል ይዘፍናል፣ ከዚያ እረፍት ይሆናል፣ ቀጥሎ ሌላው ይነሳል። ምግብ የሚቀርበው፣ ሂሳብ የሚጠየቀው፣ መጸዳጃ ቤት የሚኬደው በእረፍቱ ነው። አስተናጋጁ በዘፈን መሀል ቢያልፍዎት ንቆዎት አይደለም። ቦታ ሲይዙ ከጊታሮቹ አጠገብ፣ ከወጥ ቤቱ በር ራቅ ያለ ወንበር ይጠይቁ።

ሰዓቱን ሲጽፉ 20:00 ይበሉ፤ በእኛ ማታ 2 ሰዓት ማለት ነው። በለመዱት ቁጥር «2 ሰዓት» ካሏቸው 14:00 ብለው ይመዘግቡልዎታል፣ ያ ደግሞ በእኛ ቀን 8 ሰዓት ነው። ዘፈኑ ከእኩለ ሌሊት ሊያልፍ ይችላል። እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ሊዝበን ከጅማ በሁለት ሰዓት ወደኋላ ናት፣ ከዚያ በኋላ በሦስት። ስለዚህ የደረሱበትን ማታ አይምረጡ፤ ያንቀላፋሉ።

ቤቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። ባለ እራቶቹ ባለሙያ ዘፋኝ ያቀርባሉ፤ ከ50 ዩሮ ከፍ ያለ ይዞ መግባት ይሻላል። «ፋዶ ቫዲዩ» የሚባለው ደግሞ የሰፈር ሰው ተነስቶ የሚዘፍንበት ነው፤ ለመጠጥና ለቀላል ምግብ ብቻ ይከፍላሉ፣ ግን ቆመው ሊያመሹ ይችላሉ። ባይሮ አልቱ ሰፈር የሚገኘው ታሽካ ዱ ሺኩ የተባለው ቤት በዚህ ይታወቃል። ለእኛ የመጀመሪያ ጊዜ አድማጭ ባለ እራቱ ይሻላል፤ ቢያንስ መቀመጫ አለ። ቀን ላይ አልፋማ ሰፈር ያለውን፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የፋዶ ሙዚየም ይጎብኙ። ሰኞ ዝግ ነው።

ሳያዙ የሚመጣው ዳቦ፣ ወይራና አይብ በነፃ የሚሰጥ አይደለም፤ ካልፈለጉ ሳይነኩ ይመልሱት። «ካልዱ ቬርድ» የሚባለው የጎመንና የድንች ሾርባ ላይ የአሳማ ቋሊማ ይጣልበታል፤ ሲያዙ «ሴም ፖርኩ» ይበሉ፣ ያለ አሳማ ማለት ነው። ወጡ ውስጥ ወይን ጠጅ ሊገባ ስለሚችል የተጠበሰ ዓሣ ይቀልልዎታል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ጊታር እጫወታለሁ። የእኔን ጊታር እንደ ፖርቱጋል ጊታር መቃኘት ይቻላል? ፋዶን በትዝታ ማይነር ብጫወተውስ? (ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ አትሞክረው፣ ክር ትበጥሳለህ። የፖርቱጋል ጊታር 12 ክር አለው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ስድስት ጥንድ። የሊዝበኑ ቅኝት ከቀጭኑ ሲጀመር ቢ፣ ኤ፣ ኢ፣ ቢ፣ ኤ፣ ዲ ነው። ሦስቱ ቀጫጭን ጥንዶች አንድ ዓይነት ድምፅ ሲሰጡ፣ በሦስቱ ወፋፍራም ጥንዶች አንደኛው ክር በኦክታቭ ከፍ ይላል። የአንተ ቀጭን ክር ኢ ነው፤ ወደ ቢ ስትጎትተው አይችለውም።

አንተ ልትይዝ የምትችለው የሁለተኛውን ጊታር፣ የ«ቪዮላ»ውን ሥራ ነው፤ እሱ እንደ አንተው ባለ ስድስት ክር ነው። «ፋዶ ሜኖር» በሚባለው የማይነር ዜማ ጀምር፤ መነሻው ሁለት ኮርድ ነው፣ ኤ ማይነርና ኢ ሰቨን። አውራ ጣትህ ቤዙን ይምታ፣ ሌሎቹ ጣቶች ኮርዱን ይመልሱ። «ኮሪዱ» እና «ሞራሪያ» የሚባሉት የፋዶ ዜማዎች በሜጀር ናቸው፤ ለእነሱ ኤ ሜጀር አድርገው። በእነዚህ ዜማዎች ላይ ዘፋኙ የፈለገውን ግጥም ስለሚጭን፣ የአንተ ሥራ ትንፋሹን መከተል ነው። ቃሉን ሲያራዝም በሜትሮኖም ጸንተህ ከቀጠልክ ትለያያላችሁ።

ትዝታ ማይነር ከኤ ሲነሳ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ነው። በኤ ማይነር ላይ ያምራል። ኢ ሰቨን ሲመጣ ግን ኮርዱ ውስጥ ጂ ሻርፕ አለ፣ ትዝታ ውስጥ የለም፤ ሲ ወይም ኤ ላይ ከቆየህ ይጎረብጣል። ቢ ወይም ኢ ላይ እረፍ። በነገራችን ላይ ፋዶ የሚዘፍነውን «ሳውዳድ» ትዝታ ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ናፍቆት ይቀርበዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ለትምህርት ኮይምብራ ወደምትባለው የፖርቱጋል ከተማ ሄዷል። እዚያ ለፋዶ አይጨበጨብም አለኝ፤ እውነት ነው? (ከጅማ፣ ጅሬን)

መልስ፦ በልማዱ እውነት ነው። የኮይምብራ ፋዶ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ በልማዱ የሚዘፍኑት ጥቁር ካባ የለበሱ ወንዶች ናቸው፣ ጊታራቸውም ከሊዝበኑ በአንድ ቶን ዝቅ ብሎ ይቃኛል። አድማጩ ደስታውን የሚገልጸው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው «እህም፣ እህም» እያለ ነው። አዳራሽ ውስጥ የሚያጨበጭብም አለ፤ ልጅዎ አጠገቡ የተቀመጠውን አይቶ ያድርግ።