ቦልተን ያኔ በየትኛው ጳጳስ ሥር ነበረች?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው። ለልጆቻችን የዘር ሐረግ ስናሰናዳ፣ የአባታቸው ምንጅላቶች በ1829 ቦልተን ላይ እንደተጋቡ ከአሮጌ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አገኘን። ቦልተን በማንቸስተር ሀገረ ስብከት ሥር ስለሆነች የጋብቻ ፈቃዳቸውን እዚያ ፈለግን፤ የለም። ምን ተሳሳትን? (አንባቢ፣ ከለንደን)

መልስ፦ የፈለጋችሁት ያኔ ባልነበረ ሀገረ ስብከት ነው። ማንቸስተር ሀገረ ስብከት የሆነችው በ1847 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1829 ቦልተን በቼስተር ጳጳስ ሥር ነበረች። የፈቃድ ሰነድ ደግሞ ፈቃዱን ከሰጠው ጽሕፈት ቤት ጋር ይሄዳል እንጂ ሠርጉ ከተደገሰበት ከተማ ጋር አይደለም። የቼስተሩ ዛሬ በቼሺር ቤተ መዛግብት አለ።

ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ግን የቦልተንን የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብ ክፈቱ። ቅጹ «በአዋጅ» ወይም «በፈቃድ» ተጋቡ ይላል። አዋጅ ማለት የሁለቱ ስም በየአጥቢያቸው ሦስት እሑድ ሲነበብ ነው፤ ርካሽ ስለነበር ብዙው ሰው በዚሁ ነው ያገባው። ፈቃድ ደግሞ አዋጁ ሳይነበብ ለመጋባት ከጳጳሱ ጽሕፈት ቤት የሚሰጥ ወረቀት ነው። መዝገቡ «በአዋጅ» ካለ የፈቃድ ፍለጋውን ተዉት። ፊርማ፣ መጻፍ ለማይችል የመስቀል ምልክት፣ የምስክሮች ስም ታገኛላችሁ። የአባቶችን ስም አትጠብቁ፤ ያ ዓምድ የመጣው ከሐምሌ 1837 ወዲህ ነው። ቤተሰቡ ካቶሊክ ነበር ብላችሁም መዝገቡን አትለፉት፤ ከ1754 እስከ 1837 ከኩዌከሮች (አንድ የፕሮቴስታንት ወገን) እና ከአይሁድ በቀር ጋብቻው በሕግ የሚጸናለት በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የተጋባ ነበር።

መዝገቡ ከተጋቢዎቹ ስም ጋር የሚጽፈው «የዚህ አጥቢያ» የሚለው ቃል ያሳስታል። የቦልተን አጥቢያ ሰፊ ነበር፤ እንደ ተርተን ያሉ መንደሮችን ሁሉ ይይዛል። በፈቃድ ለሚያገባ ደግሞ ከ1823 ወዲህ በአጥቢያው 15 ቀን መቀመጥ ይበቃ ነበር፤ ስለዚህ ተከራይቶ የሰነበተ እንግዳም «የዚህ አጥቢያ» ተብሎ ይጻፋል።

«በፈቃድ» ከሆነ ቼስተር ላይ የምትፈልጉት ፈቃዱን ለማግኘት ጋብቻውን የሚከለክል ነገር የለም ተብሎ የተማለበትን የቃለ መሐላ ማመልከቻ ነው። ቀድሞ ከማመልከቻው ጋር ይፈረም የነበረው የዋስትና ሰነድ በ1823 ስለቀረ ለ1829 አይገኝም። ሙሽራዪቱ ከሪብል ወንዝ ሰሜን፣ ለምሳሌ ከፕሪስተን ከሆነች፣ ያ ወገን በሪችመንድ ሊቀ ዲያቆናት ሥር የራሱ ጽሕፈት ቤት ነበረው፤ ሰነዱ በላንካሺር ቤተ መዛግብት ነው። ቃለ መሐላው ብቻውን ግን ጋብቻው ለመፈጸሙ ማስረጃ አይሆንም፤ ፈቃድ አውጥተው ሳይጋቡ የቀሩ አሉ። የአጥቢያው መዝገብ ከተበላሸ በየዓመቱ ለጳጳሱ ይላክ የነበረውን ግልባጭ ጠይቁ፤ የቦልተኑም ያኔ የሚላከው ለቼስተር ነበር።