ወደ ቴሌግራም እንሂድ ለሚልሽ ሰው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። በአንድ የትውውቅ መተግበሪያ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ለሦስት ሳምንት ያህል ስትጻጻፉ ቆይታችኋል። አሁን «እዚህ አይመችም፣ ወደ ቴሌግራም እንሂድና በቪዲዮ እንተያይ» እያለሽ ነው፤ አንቺ ደግሞ ፊትሽን ብታሳዪው ምን መዘዝ ይመጣብኝ ይሆን ብለሽ ሰግተሻል። ከእኔ በፊት ከመለሱልሽ ሰዎች ብዙዎቹ «ይቅርብሽ» ብለው ዘግተውታል። እኔ እንዲህ አልልሽም። ባለቤቴን ያገኘኋት እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በዚህ ጉዳይ ችግር የገጠመው ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «አንተ ታውቀዋለህ» እያለ ወደ እኔ ስለሚመጣ ብዙ ጉድ አይቻለሁ።

ሰው የሚጨነቀው ስለ ቪዲዮው ነው፤ አጭበርባሪው የሚለፋው ግን ስምሽን ለማግኘት ነው። ፊትሽን አይቶ ማን እንደሆንሽ ካላወቀ ቢቀዳሽስ ለማን ይልከዋል?

የአንድ ጓደኛዬ ታናሽ ወንድም እኩለ ሌሊት ላይ ቤቴ ድረስ መጣ። በአንድ የቪዲዮ መጨዋወቻ ገጽ ላይ ከተዋወቃት ሴት ጋር ብዙም ሳይቆይ ኢንስታግራም ተለዋውጠው ኖሯል። ስልኩን ሲሰጠኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የደረሰው መልእክት አንድ ምስል ነው፦ በግራ በኩል ከቪዲዮው የተቆረጠ የእሱ ፊት፣ በቀኝ በኩል የተከታዮቹ ዝርዝር። የእህቱ፣ የመሥሪያ ቤት አለቃውና የእጮኛው አጎት ስሞች በቀይ ተከብበዋል። ከሥሩ «ለመክፈል ሠላሳ ደቂቃ አለህ» ይላል። እኔ ይህን እያነበብኩ ሳለ «ሃያ ሰባት» የሚል ሌላ መልእክት ገባ። ቪዲዮው ብዥ ያለና ጨለማ ስለነበረ ልጁን በቅጡ እንኳን አያሳይም። ልጁን ያብረከረከው በቀይ የተከበቡት ስሞች ናቸው።

ስለዚህ ዋናው ሥራሽ ፊትሽን ከስምሽ ጋር የሚያገናኘውን ክር መበጠስ ነው። በትውውቅ ገጹ ላይ የለጠፍሽው ፎቶ ፌስቡክሽ ላይም ካለ ዛሬውኑ ቀይሪው። በጉግል ወይም በቲንአይ የምስል ፍለጋ ፎቶሽን አስገብቶ ሌላ ቦታ የት እንዳለ ማግኘት የደቂቃ ሥራ ነው። ለዚህ ብቻ የተነሣ፣ ሌላ የትም ያልወጣ ፎቶ ተጠቀሚ። በፌስቡክ አካውንት ከመግባት ይልቅ ለብቻው በተከፈተ ኢሜይል ተመዝገቢ። መተግበሪያው የስልክሽን የስም ዝርዝር ልይ ብሎ ሲጠይቅ ከልክዪው፤ አለዚያ «ልታውቁት የምትችሉት ሰው» እያለ አንቺን ለአጎትሽ ልጅ የሚያቀርብበት ቀን ይመጣል። ፌስቡክ ላይ የጓደኞችሽን ሙሉ ዝርዝር ከአንቺ በቀር ማንም እንዳያየው ማድረግ ትችያለሽ፤ ኢንስታግራምሽንም ለተከታዮችሽ ብቻ የሚታይ አድርጊው። እንደ እኔ ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ አድርጊ ብባል፣ ዝርዝሩን መደበቅን እመርጣለሁ።

ስልክ ቁጥር ደግሞ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ አፍ ያወጣል። በብዙ የገንዘብ ማስተላለፊያ መተግበሪያዎች ቁጥሩን ያስገባ ሰው የባለቤቱን ስም ያያል። ባለቤቴ ቁጥሯን የሰጠችኝ በአካል ከተገናኘን በኋላ ነበር። ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ታናሽ እህቴን የምመክራት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ቴሌግራሙ። ቀና ሰውም «ወደዚያ እንሂድ» ይላል፤ ስለዚህ በዚህ ብቻ አልፈርድበትም። አጭበርባሪ ግን ይህን ሳይል አይቀርም። በመተግበሪያው ውስጥ ብትከሺው አካውንቱ ሊዘጋበት ይችላል፤ የጻፈውም በተቆጣጣሪዎቹ እጅ ማስረጃ ይሆናል። ከዚያ ካስወጣሽ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ። መሄድሽ ካልቀረ፣ በቅድሚያ የቴሌግራምሽን የግላዊነት ማስተካከያ ክፈቺ። ስልክ ቁጥርሽን ማን እንደሚያይ በሚለው ላይ «ማንም» አድርጊ፤ በቁጥርሽ ማን ሊያገኝሽ እንደሚችል የሚለውን በስልክሽ ለመዘገብሻቸው ሰዎች ብቻ ፍቀጂ። የመገለጫ ፎቶሽንም ለእነሱ ብቻ። እዚያው ከጥሪዎች ሥር ቀጥታ ከስልክ ወደ ስልክ መገናኘትን የሚመለከት ምርጫ አለ፤ «ፈጽሞ» በሚለው ላይ አድርጊው። ጥሪው በቀጥታ ሲገናኝ የአይፒ አድራሻሽ፣ ማለትም ስልክሽ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ለሰውየው ሊደርሰው ይችላል፤ ከእሱም የምትኖሪበትን ከተማና የኢንተርኔት አቅራቢሽን መገመት ይቻላል። ዋትስአፕም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በጥሪ ጊዜ ይህን አድራሻ የሚሸሽግ ምርጫ አለው። በድረ ገጽ ላይ በቀጥታ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚያገናኙት የቪዲዮ መጨዋወቻዎች ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ምርጫ የላቸውም፤ ለእነሱ ቪፒኤን፣ ማለትም የአይፒ አድራሻሽን በሌላ የሚሸፍን ፕሮግራም፣ መጠቀም የተሻለ ነው። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይሸሽግም።

አንድ ትንሽ ነገር፦ በቴሌግራም ፎቶ ስትልኪ እንደ ፋይል አትላኪ። እንደ ፋይል ሲላክ ፎቶው የተነሣበት ቦታ መረጃ አብሮት ሊሄድ ይችላል።

ካሜራው ፊት ስትቀመጪ ከኋላሽ ባዶ ግድግዳ ይሁን። መስኮት፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ፣ በፍሬም የተሰቀለ የምረቃ ፎቶ፣ የሕፃን ልጅ የትምህርት ቤት ልብስ፣ ሁሉም ይናገራሉ። ርቀት የሚያሳዩ መተግበሪያዎችንም ልብ በይ። እ.ኤ.አ. በ2014 የደህንነት ተመራማሪዎች ቲንደር የተባለው የትውውቅ መተግበሪያ የሚልከው የርቀት መረጃ ከመጠን በላይ ትክክለኛ ስለነበረ፣ ከሦስት ነጥብ ለክቶ የተጠቃሚውን ቦታ ማግኘት ይቻል እንደነበረ ይፋ አድርገዋል። ቲንደር ቀዳዳውን ደፍኖታል። እኔ ግን ለእንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች ትክክለኛ መገኛዬን አልፈቅድም፤ ስልኩ «ግምታዊ» የሚል ምርጫ አለው።

ሰውየው እውነተኛ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ ላልሽው፣ በቪዲዮ ማየት ብቻውን አይበቃም። ቀደም ብሎ የተቀዳ ቪዲዮን እንደ ቀጥታ ካሜራ የሚያሳልፉ ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። ጎረቤቴ «ስልኩ ድምፅ አያሰማም» ከሚል ሰው ጋር በቪዲዮ ስትተያይ አጠገቧ ሆኜ አይቻለሁ። ሰውየው ፈገግ ይላል፣ የሸሚዙን ኮሌታ ያስተካክላል፣ ወደ ግራ ዞር ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ፈገግ፣ ኮሌታውን፣ ወደ ግራ። «ሦስት ጣትህን አሳየኝ» ብላ ጻፈችለት፤ ግንኙነቱ ወዲያው ተቋረጠ። ዛሬ ደግሞ ፊትን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መቀየር ተጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የኩባንያ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የሥራ ባልደረቦቹ የመሰሉትን ሐሰተኛ ምስሎች አምኖ ወደ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አስተላልፏል። እጁን በፊቱ ላይ ቀስ ብሎ እንዲያሳልፍ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን እንዲዞር ጠይቂው። ይህ ብዙዎቹን ያጋልጣል፤ ሁሉንም ግን አያጋልጥም።

ገንዘብ ከጠየቀ፣ ገንዘብ ላብዛልሽ ካለ፣ ወይም በስልክሽ የገባውን ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ላኪልኝ ካለ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ዝጊው። ያ ቁጥር የራስሽ አካውንት መክፈቻ ነው።

አካውንቴን ስሰርዝ ሁሉም ይጠፋል ብለሽም አትተማመኚ። እ.ኤ.አ. በ2015 አሽሊ ማዲሰን የተባለው የትውውቅ ገጽ ተጠልፎ የሚሊዮኖች መረጃ ሲበተን፣ መረጃችን ሙሉ በሙሉ ይደምሰስልን ብለው 19 ዶላር የከፈሉ ሰዎች መረጃ ጭምር ተገኝቶበታል። ለአንድ ገጽ የምትሰጪውን ነገር ያኔ ስትሰጪው መዝኚው።

ማስፈራሪያ ቢደርስሽ፣ ከዚያ ልጅ ጋር ያደረግነውን አድርጊ። አልከፈለም። የከፈለ ሰው ሲለቀቅ አላየሁም፤ በማግስቱ ሌላ ክፍያ ይጠየቃል። መልእክቶቹን፣ የተጠቃሚ ስሙንና የተላከለትን የክፍያ አድራሻ በምስል አስቀረን። ከዚያ አስፈራሪውን አገድነው፣ ለመተግበሪያው ከሰስነው፣ ኢንስታግራሙንም ለጊዜው ዘጋው። አስፈራሪው ከሌላ አካውንት ጥቂት መልእክት ላከ፤ መልስ ሲያጣ ዝም አለ። ልጁ ለእህቱ ራሱ ቀድሞ ነገራት። ይህ ከሁሉም የከበደው ነበር፤ ነገር ግን ከነገራት በኋላ ያ ቀይ ክብ ዋጋ አጣ። እርቃንሽን የሚያሳይ ምስል እንዳይሰራጭ ከፈለግሽ ደግሞ ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። ምስሉ ከስልክሽ ሳይወጣ ዲጂታል አሻራውን ብቻ ወስዶ እንደ ፌስቡክና ኢንስታግራም ላሉት ያደርሳል፤ እነሱም ያን ምስል ሲያገኙ ያግዱታል። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ደግሞ ቴክ ኢት ዳውን የሚባለው አለ። ለሕግ ማመልከትም መብትሽ ነው፤ ጥፋተኛው ያስፈራራሽ ሰው ነው።

አሁን ለሰውየው ምን ልበለው ላልሽው፦ የምትጻጻፉበት መተግበሪያ የቪዲዮ ጥሪ ካለው፣ ዛሬ ብዙዎቹ አላቸው፣ «መጀመሪያ እዚሁ እንተያይ፣ ቴሌግራሙ ይደርሳል» በዪው። ምክንያት አትደርድሪ፣ ይቅርታም አትጠይቂ። ከተስማማ በአሥር ደቂቃ ጨዋታ ብዙ ነገር ታውቂያለሽ። ካኮረፈ ወይም «አታምኚኝም ማለት ነው?» እያለ ከወተወተሽ፣ የጻፈውን ስሙን ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊልንና አብረን እንየው።