ስካነሩ ከየትኛው መደርደሪያ ይጀምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ነው። ስለ ዕፅዋትና እንስሳት የተጻፉ የቆዩ የፈረንጅ መጻሕፍት አሉን፣ ከነሱ ጋር የተቀላቀሉ የድሮ የጤና ሪፖርቶችም አሉ። አሁን አንድ ስካነር ተገኝቷል። አለቃችን «ከአሮጌው ጀምሩ» ይላሉ፣ ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። በምን እንምረጥ? (አንባቢያችሁ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ባይዋጥልሽም አይገርምም፣ እህቴ። በዕድሜ ከሆነ እኮ መጀመሪያ እጃችሁ የሚገባው የጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፍ ነው። በ1790 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የወጣ ነው፣ የኮሶ ዛፍ ሥዕል ሳይቀር አለበት። ሰውየው እዚያው ጎንደር ስለከረመ ያጓጓል፣ ግን ስካን ተደርጎ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ከተቀመጠ ቆየ። እሱን እንደገና መገልበጥ ውሃ ወቀጣ ነው።

ከመደርደሪያው በፊት የዘርፉን ቢብሊዮግራፊ፣ ማለትም በዘርፉ የታተሙ ጽሑፎችን ዝርዝር ክፈቱ። ለዕፅዋት ስታፍሉና ካዋን ያዘጋጁት «ታክሶኖሚክ ሊትሬቸር» አለ፣ ባለሙያዎቹ ቲ.ኤል. 2 ይሉታል። ዋናዎቹ 7 ቅጾች ከ1976 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. የታተሙ ናቸው፣ አሁን ኢንተርኔት ላይም ይገኛሉ። በደራሲ ስም የተደረደረ ስለሆነ አሺል ሪሻር የሚለውን ፈልጊ፣ ከ1847 እስከ 1851 ስለ ሐበሻ ዕፅዋት ያሳተመውን ታገኚዋለሽ። ለእንስሳት ደግሞ የሸርቦርን «ኢንዴክስ አኒማሊየም» አለ፣ ከ1758 እስከ 1850 የወጡ የእንስሳት ስሞችን ከነምንጫቸው ይዘረዝራል። እዚህ ውስጥ ያለ መጽሐፍ ተመራማሪ ዛሬም ይፈልገዋል፣ የለም ማለት ግን አይረባም ማለት አይደለም።

የቢብሊዮግራፊዎቹ ትልቁ ጥቅም ግን ጽሑፉ የታተመበትን ቀን ማሳየታቸው ነው። በሥነ ሕይወት ስም አሰጣጥ ቀድሞ የታተመ ስም ነው የሚጸናው። ችግሩ ያኔ መጽሐፍ በክፍል በክፍል እየተቆራረጠ ይወጣ ነበር፣ ለምሳሌ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የነበረው ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩፔል የእኛን ዋልያና ጭላዳ ለሳይንስ ያስተዋወቀበት ሥራ ከ1835 እስከ 1840 ድረስ ተንጠባጥቦ ነው የወጣው። ጠራዡ ክፍሎቹን ሲሰፋ የየክፍሉን የወረቀት ሽፋን ይጥለዋል። እናንተ ጋ ካልተጣለ፣ ደብዛዛ ቢሆንም ስካን አድርጉት፣ ቀኑ ያለው እሱ ላይ ነው!

ቀጥሎ ያ መጽሐፍ ቀድሞ ተገልብጦ እንደሆነ እይ። በ2006 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ የሚባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ከ60 ሚሊዮን ገጽ በላይ አለው፣ የምትፈልጊው የድሮ ሥነ ሕይወት አብዛኛው እዚያ ነው። ካገኘሽው አድራሻውን ካታሎጋችሁ ላይ ለጥፊና እለፊ። ግን ዝም ብለሽ አትለፊ፣ እዚያ ባለው ቅጂ ውስጥ የሚታጠፉ ካርታዎችንና ሥዕሎችን ግለጪ። በጅምላ ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ ካርታው እንደታጠፈ ይቀራል፣ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ የእናንተው ካርታ ተዘርግቶ ለብቻው ይነሳ፣ መጽሐፉን ሙሉ መገልበጥ ግን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሪፖርቶቹ። ለእኔ ዋናው ሀብታችሁ እነሱ ናቸው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው፣ ከዚያ ዘመን የተረፈ በታይፕ የተጻፈ የመስክ ሪፖርት፣ በማባዣ የወጣ የትምህርት ጽሑፍ፣ በእጅ የተሞላ ሠንጠረዥ ካላችሁ አውሮፓ የተዘጋጀ ቢብሊዮግራፊ ውስጥ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሌላ ቤት ቅጂው ላይኖር ይችላል። የማባዣ ወረቀት ደግሞ ቶሎ ይቦጨቃል፣ ቀለሙም ይለቃል። ስካነሩ ከዚህ ይጀምር! ዝርዝሩንም እናንተው አዘጋጁት፣ ርዕስ፣ ያዘጋጀው ሰው፣ ዓመት፣ ቦታ፣ የገጽ ብዛት፣ በቃ። የዘርፉን ጡረተኛ ባለሙያዎች ቡና ጋብዛችሁ አሳዩዋቸው፣ «ይኼ እኮ የእገሌ ጥናት ነው» የሚል አይጠፋም።

ኢንተርኔት ላይ ከመጫናችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ የቅጂ መብት፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፣ ስለዚህ ለሪፖርቶቹ ፈቃድ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የታካሚ ስም ያለበት ገጽ ለማቆየት ይገልበጥ እንጂ ለሕዝብ አይለቀቅ።