መብራቱ ስለበራ ብቻ አትፈርሙ፦ ለጀማሪ አሰልጣኞች

ውድ ልጆቼ፣

ዘንድሮ ድሬዳዋ ውስጥ የቴክኒክና ሙያ አሰልጣኝ ሆናችሁ ሥራ ለጀመራችሁ፣ ዛሬ ነገም የምዘና ወረቀት ተሰጥቷችሁ «ይህን ቡድን ተቆጣጠሩ» ለምትባሉ ወጣቶች ነው የምጽፈው። ማሰልጠኑን እንደምትወዱት አያለሁ፤ እጃችሁም ጎበዝ ነው። ምዘና ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ማሰልጠን ሰልጣኝ ሲቸገር ፈጥኖ መድረስን ያስለምዳል፤ ምዘና ደግሞ ሲቸገር እያዩ ዝም ብሎ መቆምን ይጠይቃል። በዚህ ሙያ ውስጥ ስኖር ከዚህ የከበደ ነገር አልገጠመኝም።

እኔ የማውቀው የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ስለሆነ በእሱ ላስረዳችሁ። ለሰልጣኙ የተሰጠው ሥራ የፎቅ መወጣጫ መብራት ነው እንበል፤ ከታች የተበራውን ከላይ ማጥፋት፣ ከላይ የተበራውን ከታች ማጥፋት። ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው፦ ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ወደ መጀመሪያው ማብሪያ ማጥፊያ ኮመን (የጋራ ነጥብ) ይገባል፣ በሁለት ሽቦ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፣ ከሁለተኛው ኮመን ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ማብሪያ ማጥፊያውን ሳይነካ በቀጥታ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ሰልጣኙ ሁለቱን አምታትቶ ኒውትራሉን በማብሪያ ማጥፊያው በኩል ቢያሳልፈውስ? አምፖሉ ይበራል። ከታችም ከላይም ይበራል፣ ይጠፋል። ሽቦው የተዘረጋበት ሰሌዳ ንጹሕ ነው፣ ቱቦው ቀጥ ብሎ ታስሯል፣ ሰልጣኙ ፈገግ ብሎ ያያችኋል። ነገር ግን መብራቱ ጠፍቶም የአምፖሉ መያዣ ላይ 220 ቮልት አለ። አጥፍቻለሁ ብላ አምፖል ልትቀይር ወንበር ላይ የወጣች እናት እጇን የምታስገባው እዚያ ነው።

ያለቀውን ሥራ ብቻ አይቶ የሚፈርም መዛኝ ይህን ልጅ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ምዘና መጨረሻውን ማየት አይደለም፤ ከመጀመሪያው አንስቶ እጁን መከተል ነው። ሽቦውን ከመንካቱ በፊት ኃይል የሚያቋርጠውን ብሬከር አወረደ ወይ? አወረድኩ ብሎ አመነ ወይስ ኃይል መኖሩን በሚያሳየው ቴስተር ፈተሸ? ቴስተሩ ራሱ እንደሚሠራ ኃይል ባለበት ቦታ አስቀድሞ አረጋገጠ ወይ? ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የመረጠው አውቆ ነው ወይስ እጁ የገባለትን አንስቶ? ኃይል ከመልቀቁ በፊት የሽቦውን ልባስ ደህንነት በሚለካው ሜገር ለካ ወይ? ያለቀው ሰሌዳ እነዚህን ሁሉ አይነግራችሁም። ፊርማችሁ ደግሞ ለኮሌጁ ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ነገ ሳቢያን ወይም ለገሐሬ ሰፈር ሄዶ መስመር ለሚዘረጋላቸው ሰዎች የምትሰጡት ቃል ነው።

በአገራችን ከ2000 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ወዲህ ስልጠናው በሙያ ደረጃ የሚመራና ውጤትን መሠረት ያደረገ ሆኗል። ሰልጣኙ ብቁ ነው ወይም ገና ብቁ አይደለም እንላለን። ሲ.ኦ.ሲ. የምንለው የብቃት ምዘና ከኮሌጅ ውጭ ባለ መዛኝ ይሰጣል። እናንተ የምትመሩት ተቋማዊ ምዘና ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ ነው፤ እሱ የውሸት ከሆነ ልጁ ሲ.ኦ.ሲ. በር ላይ ሄዶ ይወድቃል፤ ወይም በዕድል አልፎ ሰው ቤት ይገባል። የትኛው እንደሚብስ እናንተ ፍረዱ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ጂ.ሲ.ኤስ.ኢ. በሚሉት የሁለተኛ ደረጃ ፈተናቸው ተማሪ ቤቱ ወስዶ የሚሠራው ሥራ ለውጤት ይያዝ ነበር። የልጁ ሥራ ይሁን የወላጁ ወይስ ከኢንተርኔት የተገለበጠ መለየት ሲቸግራቸው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በብዙ የትምህርት ዓይነቶች ላይ በቁጥጥር ሥር በሚሠራ ምዘና ተኩት። ቁጥጥሩንም በሦስት ቦታ አስቀመጡት፦ ሥራው ሲዘጋጅ፣ ሲሠራና ሲታረም። ኋላ ያንንም ቀይረውታል። ሦስቱን ቦታ ለይቶ ማሰብ ግን ለእኛም ወርክሾፕ ይጠቅማል፤ የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠነቀቀው ለመካከለኛው ብቻ ነው።

ከዝግጅቱ ልጀምር። ለሰልጣኝ የምትሰጡትን ሥራ አስቀድማችሁ ራሳችሁ ሥሩት፤ በዚያው ወርክሾፕ፣ በዚያው ዕቃ፣ ሰዓት ይዛችሁ። በወረቀት ላይ ቀላል የሚመስል ሥራ ካቻቢቴው አፉ ተበልቶ ብሎኑ አልፈታ ሲል ሌላ ነው። እናንተ የወሰደባችሁን ጊዜ ለሰልጣኙ አትስጡት፤ ለእሱ ጨምሩለት። ዕቃው ለሁሉም እኩል ይሁን። ለአንዱ አዲስ ፒንሳ፣ ለሌላው የላላ ፒንሳ ሰጥቶ ሁለቱን በአንድ ሰዓት መመዘን ዕድልን መመዘን ነው።

የድሬን ፀሐይም አትርሱ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ላብ ከግንባሩ ዓይኑ ውስጥ የሚገባ ልጅ የሽቦ ቀለም ቢያምታታ አይፈረድበትም። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ጀምሩ፤ ከባዱን ክፍል እስከ አራት ሰዓት ጨርሱ። ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ ሶላት ጋር እንዳይጋጭ፣ ረመዳን ከሆነ ደግሞ ጾመኛው በጠዋቱ ጉልበት እንዲሠራ አስቡበት። መብራት ከጠፋም ሰዓቱን ወዲያው ጻፉ፣ ሁሉም እጁን ከሥራው ያንሣ፣ ሲመጣ ቀሪውን ደቂቃ ስጡ። ይህን አስቀድማችሁ ለሁሉም ንገሩ፤ በዕለቱ ክርክር እንዳይነሳ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልግባ፤ ወደ አፋችን። ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛም፤ ሰልጣኙ ታላቅ ወንድሙን እንደሚያዋራ ነው የሚያዋራችሁ። ይህ የከተማችን ጸጋ ነው፤ እኔም ኮርቼበት ኖሬያለሁ። በምዘና ቀን ግን ያ ቅርበት ይፈትናችኋል። ልጁ ሽቦውን ኮመን ላይ ሊያስገባ ይልና ቀና ብሎ «ቲቸር፣ ልክ ነው?» ይላችኋል። አንገት መነቅነቅ መልስ ነው። ቅንድብ ማንሣት መልስ ነው። «እስቲ ደግመህ እየው» ማለት ከሁሉም የበለጠ መልስ ነው፤ እንደተሳሳተ ነግራችሁታል። የምትሉት አንድ ብቻ ይሁን፦ «የምታውቀውን ሥራ።» ልክ ለሠራውም ለተሳሳተውም በዚያው ድምፅ ይነገር።

የቋንቋው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። የሥራ መመሪያው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ፊታችሁ የቆመው ልጅ ደግሞ እቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚናገር፣ አማርኛን መጋላ ሰፈር ውስጥ የለመደ ሊሆን ይችላል። የምንመዝነው እጁን እንጂ እንግሊዝኛውን አይደለም። ስለዚህ ጥያቄውን በሚገባው ቋንቋ አስረዱት፤ እናንተ የማትችሉት ከሆነ የሚችል አሰልጣኝ አስጠሩ። ድንበሩን ግን እወቁ። «ከታችም ከላይም የሚበራና የሚጠፋ መብራት ሥራ» ካላችሁት ጥያቄውን ተርጉማችኋል። «በሁለቱ ማብሪያ ማጥፊያ መካከል ሁለት ሽቦ ዘርጋ» ካላችሁት መልሱን ሰጥታችኋል። አስተርጓሚ ስትጠቀሙ ደግሞ የትኛውን እንዳለ ማወቅ ስለሚያስቸግር፣ የሚነገረውን ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ስጡትና እንደተጻፈው ያንብብ።

እጃችሁን የምታስገቡት ለሕይወት ብቻ ነው። ኃይል ያለበትን ሽቦ ሊነካ ከሆነ፣ የሚያስፈራ ነገር ከተሠራ፣ ዋናውን ብሬከር አውርዱ፤ ምዘናውን አቁሙ፤ ምን እንዳያችሁ ጻፉ። እዚህ ላይ መራራት የለም። በዚያ ቀን የቆመው ምዘና ነው፤ ልጁ በሕይወት አለ፣ ተምሮ ይመለሳል።

ስለ አጻጻፍ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በመመልከቻ ቅጹ ላይ «ጥሩ ሠርቷል»፣ «ይበል የሚያሰኝ» የሚል ነገር አትጻፉ። ከወር በኋላ አንድ ሰው ቢጠይቃችሁ ምንም አይነግራችሁም። ያያችሁትን ጻፉ፦ «ብሬከሩን አወረደ፤ በቴስተር አልፈተሸም፤ ሽቦውን ከልክ በላይ ላጠ፤ ራሱ አይቶ እንደገና ቆርጦ አስገባ።» ይህ ዓረፍተ ነገር ሰውዬውን ያሳያል፤ ስህተቱን ራሱ ማየቱ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው፣ ሊመዘገብለት ይገባል። እያያችሁ ጻፉ። ማታ ቤት ገብቶ ከትዝታ የሚሞላ ቅጽ ሁሉንም ሰው አንድ ያደርጋል።

ብዙ ቀን የሚወስድ የፕሮጀክት ሥራ ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል። ሰሌዳው ቁጥር ይሰጠው፤ በየቀኑ ሲያቆም የደረሰበት ፎቶ ይነሣ፤ ክፍሉ ይቆለፍ፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳደረ ይታወቅ። ታይዋን ገበያ አካባቢ ሱቅ ያለው ወንድም በአንድ ማታ የሚጨርሰው ሥራ ነው፤ ልጁም ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ቤተሰቡ ስለሚወደው ነው። ለዚያ ክፍተት አትስጡ።

የጽሑፍ ሪፖርቱማ በቴሌግራም ከዓመት ዓመት እየተላለፈ ነው። ለመቅጣት ከመቸኮል ሰልጣኙን ሰሌዳው ፊት አቁማችሁ ጠይቁ። «ይህን ሽቦ ለምን 2.5 አደረግከው?» «ኧርዙን (የመሬት ሽቦውን) ብታነሣው ምን ይሆናል?» የሠራው ሰው ቃሉ ቢንተባተብ እንኳ ጣቱ ይጠቁማል። ያልሠራው በሚያምር ቋንቋ ዙሪያውን ይዞራል። በትብብር ስልጠና ከድርጅት የሚመጣውንም ሪፖርት እንዲሁ ፈትሹት። ሰልጣኙ ከጊዜው አብዛኛውን ድርጅት ውስጥ እንዲያሳልፍ ነው የታሰበው፤ እዚያ ያለው ባለሙያ በሥራ ተጠምዶ ሳያነብ የፈረመው ወረቀት ለብቻው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። እዚያው ድረስ ሄዳችሁ እዩት፤ ካልቻላችሁ ደውሉና «በትክክል ምን ሲሠራ አየኸው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የዕቃ እጥረት ካለ አምስት ሰልጣኝ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይሰለፋል። ይህን ከሥሩ የሚፈታው በጀት ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። እስከዚያው ግን አምስቱ አንድ ውጤት አያግኙ። አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ አራቱ ዕቃ ያቀብላሉ፣ አምስቱም ብቁ ይባላሉ፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ አሁንም ያንገበግበኛል። ሥራውን ከፋፍሉት፣ ተራ አስይዙ፣ የእያንዳንዱን ቅጽ ለየብቻ ሙሉ። ጊዜ ይፈጃል። ይፍጅ።

ከአለቃ የሚመጣውም አለ። ብቁ የተባሉት ሰልጣኞች መቶኛ ዝቅ ሲል «ምን ነካችሁ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ድምፅ ሳታሰሙ ቅጹን አቅርቡ። የተጻፈ ነገር ያለው አሰልጣኝ አይገፋም። የምታውቁት የሰፈር ልጅ ወይም ዘመድ ተመዛኝ ከሆነ ከመጀመሩ በፊት አሳውቃችሁ ለሌላ አሰልጣኝ አስተላልፉት። የታረመውን ደግሞ ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ አንዳችሁ የሌላውን ውጤት ሳታዩ፣ ጥቂት ሰሌዳዎች እየመረጣችሁ እንደገና መዝኑ። ልዩነት ሲወጣ ማን ልክ ነው ብላችሁ አትጨቃጨቁ፤ መስፈርቱን አብራችሁ አንብቡ። ድሬ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ በሸማንደፈር ሠራተኞች እጅ የቆመች ከተማ ናት፤ ዛሬም ፋብሪካዎቹ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና አዲሱ ባቡር ሰው ሲቀጥሩ ልጁ እጁ ላይ ያለውን በአንድ ሳምንት ያዩታል። የኮሌጁ ወረቀት የሚታመነው ወይም የሚናቀው እዚያ ነው።

ውጤቱን ስትናገሩ ገና ብቁ ያልሆነውን ብቻውን ጥሩት፤ ጓደኞቹ ፊት አይሁን። ቅጹን ከፍታችሁ ያያችሁትን አንብቡለት፤ ምክር ከማብዛታችሁ በፊት እሱ የሚለውን ስሙ፤ አንዳንዴ እናንተ ያላያችሁትን ይነግራችኋል፣ ያን ጊዜ እንደገና ፈትሹ። ከዚያ የቀረውን በግልጽ ለዩለት፦ «ዝርጋታህ ደህና ነው፤ የቀረህ ከመንካትህ በፊት መፈተሽና ፌዝን ከኒውትራል መለየት ነው።» በየትኛው ቀን ወርክሾፑ ክፍት ሆኖ ሊለማመድ እንደሚችል፣ ማን እንደሚያግዘው፣ መቼ እንደገና እንደሚመዘን ጽፋችሁ ስጡት። አንዱ ቅጂ ከእሱ ጋር ይሂድ፤ ሌላው ማህደሩ ውስጥ ይግባ፤ ሁለተኛውን ምዘና የሚመራው ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ከየት እንደሚጀምር ከዚያ ያነባል።