የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት «ከተነካ ይሞታል» ለተባለው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼ በአጭሩ ልመልስልህ ጀምሬ ተውኩት፤ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነገር አይደለም። ቪትዝ ገዝተሃል፣ ቆጣሪው 140 ሺህ ይላል፣ ጠዋት ጠዋት ዲ (ወደፊት መሄጃውን) ስታስገባው ቆየት ብሎ ነው የሚይዘው። አንዱ ጋራዥ «የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አይነካም፣ ከነካኸው ይሞታል» ብሎሃል። ሌላው ደግሞ በማሽን አጥቦ ሙሉ በሙሉ ሊቀይርልህ ዋጋ ቆርጦልሃል። የቱን ልስማ ነው ያልከው። እኔን ከጠየቅከኝ ሁለቱንም አትስማ። ዘይቱ መቀየር አለበት፤ ግን በማሽን ሳይሆን በትንሽ በትንሹ። ከዚያ በፊት ደግሞ መኪናህ የሚፈልገው የትኛውን ዘይት እንደሆነ በዓይንህ አይተህ ማረጋገጥ አለብህ።

እኔ 2004 ሞዴል ኮሮላ ነው የምይዘው። አዳማ ነው የምኖረው፣ የባለቤቴ ቤተሰቦች አሰላ ስለሆኑ በወር ሁለት ጊዜ ያንን ዳገት እወጣለሁ። የሞተር ዘይት በየ5 ሺው ሳላሳልፍ እቀይር ነበር። ስለ ካምቢዮው ስጠይቅ ግን ሰርቪስ የማስደርግበት ጋራዥ «እሱ የዕድሜ ልክ ነው፣ አይነካም» አለኝ። አመንኩት። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲሁ ነዳሁት። አንድ እሁድ ቤተሰብ ጭኜ ዴራን አልፌ ወደ ኢተያ ስወጣ፣ ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይጎትትም። ማንዋል መኪና ፍሪሲዮን ሲጨርስ እንደሚያደርገው ማለት ነው። የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። ዳር ይዤ አቆምኩት፣ ከዚያ ወዲያ ወደፊት አልሄደም።

እዚያ ላይ ሁለተኛውን ጥፋት ጨመርኩበት። አንድ አይሱዙ ለምኜ አራቱም ጎማ መሬት ላይ እንዳለ በገመድ አስጎትቼ አዳማ ድረስ አመጣሁት። ይህን ማንም እንዳይደግመው እፈልጋለሁ። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ዘይት አይዞርም፤ ጎማው ሲሽከረከር ግን የካምቢዮው ጥርሶችና ኩሽኔታዎች አብረው ይሽከረከራሉ፣ በደረቁ። የፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነ የፊቱ ተነስቶ መጎተት አለበት፣ ካልሆነም በጭነት መኪና መጫን ነው። ገፍቶ ማስነሳትም ኦቶማቲክ ላይ አይሠራም፣ አትድከም።

ካምቢዮው ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ ነበር። መካኒኩ የክላች ሸራዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ጋዜጣ ላይ ደረደራቸው። ሸራው ወረቀት መሰል ነገር ነው፣ ስስ ብረት ላይ የተለጠፈ። ጤነኛው ቡናማ ነው፣ ሲነኩት ጠንከር ይላል። የእኔዎቹ ጠቁረዋል። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው እንደ አረረ እንጀራ ተፈርፍሮ ጋዜጣው ላይ ወደቀ። ያገለገለ ካምቢዮ ከሶማሌ ተራ አስመጥቼ አስገባሁ። ለእሱ የከፈልኩት ገንዘብ ለብዙ ዓመት የካምቢዮ ዘይት ይገዛ ነበር።

ማንዋል ላይ የካምቢዮ ዘይት ጥርስን ማለስለስ ነው ዋና ሥራው፤ ለዚያም ነው ብዙ ጊዜ ብትረሳውም የሚታገስህ። ኦቶማቲክ ላይ ግን ዘይቱ ራሱ ሠራተኛ ነው። የሞተሩን ኃይል በሞተሩና በካምቢዮው መሃል ባለው ቶርክ ኮንቨርተር በኩል ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው እሱ ነው፣ ሸራዎቹን በግፊት አጣብቆ ማርሽ የሚያስይዘው እሱ ነው፣ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር የሚወስደውም እሱ ነው። ዘይቱ በሙቀት ሲያረጅ ግፊቱ ይዛባል፣ ሸራው በደንብ አይጣበቅም፣ መንሸራተት ይጀምራል፣ መንሸራተቱ ደግሞ ሌላ ሙቀት ይፈጥራል። አንዴ ከጀመረ ራሱን በራሱ እየበላ ነው የሚሄደው። የእኛን አነዳድ አስበው እስቲ፦ የአዳማ ፀሐይ፣ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ በባጃጅ መሃል እየቆሙ እየተነሱ፣ ቅዳሜና እሁድ ቤተሰብ ጭኖ የአሰላ ዳገት። ፋብሪካው «ከባድ አጠቃቀም» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

«የዕድሜ ልክ» የሚለውን በተመለከተ፣ እኛ እጅ የሚገባው መኪና አብዛኛው አንድ ዕድሜውን ውጭ አገር ጨርሶ የመጣ ነው። የቆጣሪውን 140 ሺህም እንደ ወንጌል አትያዘው።

«ከተነካ ይሞታል» የሚለው ወሬ ግን ከባዶ አልመጣም፣ ምክንያት አለው። ሰው የካምቢዮ ዘይት ትዝ የሚለው ማርሹ መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። ያኔ ሸራው አልቋል። ዘይት ይቀየርለታል፣ በሳምንቱ ይቆማል፣ ጥፋቱ ለዘይቱ ይሰጣል። ሁለተኛው ምክንያት ያ ማሽን ነው። ለዓመታት ያልተነካ ካምቢዮ ሥሩ ላይ የሸራና የብረት ደቃቅ ተኝቷል። በማሽን ስትገፋው ያ ሁሉ ተነስቶ ማርሽ እንዲቀየር የሚያዘው ክፍል ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የዘይት መንገዶች ሊደፍን ይችላል። በየጊዜው ሲቀየር የኖረ ካምቢዮ ከሆነ ማሽኑ ላይጎዳው ይችላል፤ ታሪኩን የማታውቀውን መኪና ግን አታስነካው።

አሁን ወደ አንተ መኪና ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ቪትዝ ስትል የትኛው ቪትዝ? አንዳንዱ እንደ እኔ ኮሮላ ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲክ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ2005 ወዲህ ከጃፓን የመጣው ብዙው ደግሞ ሲቪቲ ነው። ሲቪቲ ማርሽ የለውም፤ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መሃል ይሄዳል። ዘይቱም ሌላ ነው፣ ብረት በብረት ላይ እንዳይንሸራተት ተብሎ የተሠራ። ተራውን ቀይ የኦቶማቲክ ዘይት እዚያ ውስጥ ካፈሰስክ ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ፑሊውን ይቧጭራል፣ ከተቧጨረ ደግሞ የሚጠገን ነገር የለውም። «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚልህ ሰው መኪናህን እንዳይነካ።

ለማወቅ ኮፈኑን ክፈትና ከሞተሩ በስተኋላ ያለውን ግድግዳ እይ፣ ካልሆነም የበሩን ምሰሶ እይ። ትንሽ የቶዮታ የብረት ሰሌዳ አለች። እሷ ላይ የካምቢዮው ኮድ ተጽፏል። በላቲኑ ኬ ከጀመረ፣ ለምሳሌ ኬ 410፣ ሲቪቲ ነው። በዩ ወይም በኤ ከጀመረ ባለ ማርሹ ነው። ሲቪቲ ከሆነ የቶዮታ ዘይቱ በፊት «ቲሲ» ነበር፣ በኋላ «ኤፍኢ» መጣ። ባለ ማርሹ ከሆነ ወይ «ቲ ፎር» (T-IV) ነው ወይ «ደብሊው ኤስ»፣ እነሱም እርስ በርስ አይተካኩም። የዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው ብዙ ጊዜ ዓይነቱ ዘንጉ ላይ ተቀርጿል፣ ጠርገህ አንብበው።

ዲ ሲገባ ይዘገያል ላልከው ደግሞ በግምት አትኑር፣ ለካው። ይህ ልኬት ለባለ ማርሹ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በደንብ ይሙቁ፣ ሜዳ ላይ አቁመው፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ እግርህ ፍሬን ላይ ይሁን። ከኤን (ከዜሮ ማርሽ) ወደ ዲ አስገባና እስኪነቀንቅህ ድረስ በስልክህ ሰከንድ ቁጠር። በየመሃሉ አንድ ደቂቃ እያሳረፍክ ሦስት ጊዜ አድርገህ አማካዩን ያዝ። ከኤን ወደ አርም (ወደ ኋላ መሄጃው) እንዲሁ። የቶዮታ የጥገና መመሪያ ለዲ ከ1.2 ሰከንድ በታች፣ ለአር ከ1.5 ሰከንድ በታች ይላል። ጠዋት ብርድ ላይ ብቻ ትንሽ ቆይቶ ሲሞቅ ግን በዚህ ውስጥ ከገባ ብዙ አትደንግጥ። ሙቅ ሆኖም ካለፈ መጀመሪያ የዘይቱን መጠን እይ፤ ብዙ ጊዜ መጉደል ነው። አንድ መካኒክ ፍሬን ይዞ ነዳጅ እስከ መጨረሻ እየረገጠ «እየሞከርኩት ነው» ቢልህ ከ5 ሰከንድ በላይ እንዲያቆየው አትፍቀድለት፤ ዘይቱ ከመጠን በላይ ይግላል።

መጠኑን ስታይ ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ከሞተር ዘይት የሚለየው በዚህ ነው። ማርሹን ከፒ (ከማቆሚያው) እስከ ኤል ቀስ እያልክ አሳልፈህ ወደ ፒ መልሰው፣ ከዚያ ዘንጉን አውጣ፣ ሙቅ የሚለው መስመር ላይ አንብብ። ሆንዳ የያዛችሁ ግን ሞተሩን አጥፍታችሁ ወዲያው ነው የምታዩት። ጠብታውን ነጭ ሶፍት ላይ አድርገህ እየው፤ ክሩ የሚበተን ጨርቅ አትጠቀም፣ ክሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ከጠቆረና የማረር ሽታ ካለው አርጅቷል። ሮዝ ሆኖ እንደ ወተት ከደፈረሰ ግን መኪናውን አታስነሳው፤ የራዲያተር ውኃ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። መለኪያ ዘንግ የሌለው ካምቢዮም አለ፣ እሱ ከሥር ባለ ብሎን ነው የሚለካው፣ ዘይቱ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን ብቻ፣ ስለዚህ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር ማንበቢያ) ላለው ሰው ተወው።

አቀያየሩን ያገለገለውን ካምቢዮ ካስገባሁ በኋላ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው ያሳዩኝ፣ አመዴ አካባቢ የሚሠሩ የድሮ መካኒክ። ከሥር ያለውን ብሎን ፈትተው ያፈሰሱትን ዘይት በሃይላንድ ለኩት፤ 3 ሊትር አካባቢ ነው የወጣው። «ሌላውስ?» ስላቸው «ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው ልጄ፣ በአንድ ቀን አይወጣም» አሉኝ። የወጣውን ያህል ብቻ ልክክ አድርገው መለሱ። ብዙ ካፈሰስክ ዘይቱ ይመታና አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይዝም። ከዚያ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ እንድመለስ አዘዙኝ፣ ከዚያም ሌላ ሺህ። ሦስቱን ሃይላንዶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ አይቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው እንደ ቡና ነው፣ ሁለተኛው የደፈረሰ ሻይ፣ ሦስተኛው ከርከዴ መስሏል። ሒሳቡም ይገጥማል፤ ካምቢዮው ሲሞላ 7 ተኩል ሊትር ይይዛል ብንል በመጀመሪያው 40 በመቶ ያህሉ አዲስ ይሆናል፣ በሁለተኛው 64፣ በሦስተኛው 78። ካምቢዮው ግን አንዴም አልደነገጠም።

በሁለተኛው ቅያሬ ቀን ኮፓውንም (ከሥር ያለውን የዘይት ገንዳ) አወረዱት፣ ፊልትሮውን አጠቡት፣ ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) ቀየሩ። ኮፓው ውስጥ ትናንሽ ማግኔቶች አሉ። እነሱ ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ደቃቅ ካየህ ጤነኛ ነው፣ ዕድሜ ነው። በጣትህ አሽተኸው የሚቆረቁር የብረት ስባሪ ካገኘህ ግን ዘይት አያድነውም፣ ገንዘብህን ያዝ። እኔ ከዚያ ወዲህ በየ40 ሺህ ኪሎ ሜትሩ አንድ ዙር እቀይራለሁ።

አነዳድ ላይ ብዙ አልልም። መኪናው ቀጥ ብሎ ሳይቆም ከአር ወደ ዲ አትቀይር፤ ባጃጅ መጣብኝ ብለህ ስትቸኩል ሸራው ነው ፍሬን የሚሆነው። ዳገት ላይ በነዳጅ ይዘህ አትቁም፣ ፍሬን ያዝ። ስታቆም መጀመሪያ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ፒ። ከአሰላ ስትወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለህ ዜሮ ማርሽ አታድርግ፤ ፍሬኑንም ካምቢዮውንም ትጎዳለህ፣ ዲ ላይ እግርህን ከነዳጅ ካነሳህ እኮ አዲሶቹ ሞተሮች ነዳጅ ያቋርጣሉ። ረጅም ዳገት ላይ ማርሹ ወዲያ ወዲህ ሲል ኦቨርድራይቩን (የመጨረሻውን ከፍተኛ ማርሽ) አጥፋው።

ራዲያተሩን ግን አደራ። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው እዚያው ራዲያተር ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። የቧንቧ ውኃ እየሞላህ ከኖርክ ውስጡ ይዝጋል፣ ይደፈናል፣ ሞተሩ ባይግል እንኳ ካምቢዮው እየጋለ ይሄዳል። ያ ቱቦ በዝገት ከተበላ ውኃና ዘይት ይቀላቀላሉ፤ ያ ሮዝ ወተት ያልኩህ ከዚያ ነው የሚመጣው። ኩላንት ግዛና አስሞላ።

ነገ ጠዋት መኪናውን ከማስነሳትህ በፊት የሰሌዳዋን ፎቶ አንሳና እዚህ ለጥፍልኝ፤ የሻሲ ቁጥሩን ሸፍነው፣ የካምቢዮው ኮድ ብቻ ይታይ። ባለ ማርሹ ከሆነ ሲሞቅ የለካኸውን የዲና የአር ሰከንድም ጻፍ። እሱን ሳናይ አንድ ሊትር ዘይት እንኳ እንዳትገዛ።