ካርቶኑ ተጨፍልቆ ዕቃው ሲጎዳ ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የማሽን መለዋወጫ አምርተን ወደ ውጭ እንልካለን። ካርቶን አቅራቢያችንን «ጠንካራ ይሁን፣ ባለ 5 ፕላይ» ብለን አዘዝነው። አንዱ ካርቶን ዕቃ ሲገባበት 20 ኪሎ ይመዝናል። መጋዘን ውስጥ 6 ደርበን አንድ ወር ያህል ካቆየነው በኋላ በከባድ መኪና ተጫነ። ገዢው ጋ ሲደርስ የታችኞቹ ካርቶኖች ተጨፍልቀው፣ ዕቃው ተጫጭሮና ተጣሞ ተገኘ። ገዢው ሙሉውን አልከፍልም አለ። ካርቶን አቅራቢው «ያዘዛችሁትን ነው የሰጠኋችሁ» ይላል። አጓጓዡም ኢንሹራንሱም «ማሸጊያችሁ ደካማ ነው» ብለው መለሱን። የካርቶኑን ቀሪ ሂሳብ ገና አልከፈልንም፤ መያዝ እንችላለን ወይ? ማንን እንጠይቅ? ቀጣዩን ትእዛዝስ ምን ብለን እንጻፍ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ወደ ሕጉ ከመግባታችን በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። ገዢው የተጨፈለቁትን ካርቶኖች እንዳይጥል ዛሬውኑ ይጻፉለት። ካርቶኖቹ ፓሌቱ (ጭነት የሚደረደርበት ጠፍጣፋ መቀመጫ) ላይ እንዴት እንደተደረደሩ የሚያሳይ ፎቶም ይጠይቁት። እርስዎ ጋ ከዚያው ምርት የተረፉ ባዶ ካርቶኖች ካሉ ደግሞ ለሌላ ሥራ አያውሏቸው። አንዴ የተጨፈለቀ ካርቶን አዲስ ሳለ ስንት ኪሎ ይችል እንደነበር ለክቶ ማወቅ አይቻልም። ላቦራቶሪ የሚለካው ያልተነካውን ነው። እነዚያ ባዶ ካርቶኖች ከጠፉ ክርክሩ የቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ካርቶን አቅራቢው እንሂድ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

የሽያጭ ሕግ ሻጭን በሁለት መንገድ ይይዘዋል። አንደኛው፣ ዕቃው እንደዚያ ዓይነት ዕቃ በተለምዶ ለሚሰጠው አገልግሎት ብቁ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ ገዢው ለተለየ አገልግሎት እንደፈለገው ሻጩ ውሉ ሲደረግ ካወቀ፣ ለዚያ አገልግሎትም ብቁ መሆን አለበት። ሁለተኛው መንገድ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ገዢው በሻጩ ሙያ ተማምኖ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. የ1980ው የቪየና ዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ስምምነት ይህን በአንቀጽ 35 አስቀምጦታል። እርስዎና ካርቶን አቅራቢዎ በአንድ አገር ውስጥ ከሆናችሁ ስምምነቱ እናንተን አይመለከትም። ሐሳቡ ግን በአብዛኞቹ አገሮች የሽያጭ ሕግ ውስጥ በአንድ ወይም በሌላ መልክ አለ።

ታዲያ እርስዎ ምን ብለው ነው ያዘዙት? «ጠንካራ» እና «ባለ 5 ፕላይ»።

«ጠንካራ» ዳኛ ፊት ብዙም አያስኬድም። ስንት ኪሎ ለመሸከም? ለስንት ቀን? ምን ዓይነት መጋዘን ውስጥ? «ባለ 5 ፕላይ» ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር ያመጣል። ባለ 5 ፕላይ ማለት ሦስት ጠፍጣፋ ወረቀትና በመካከላቸው ሁለት ሞገድ ያለው ወረቀት ማለት ነው። ስለ ወረቀቱ ክብደትና ጥራት ምንም አይናገርም። ስስ ወረቀት ያለው ባለ 5 ፕላይ ከጥሩ ባለ 3 ፕላይ ሊያንስ ይችላል። ይባስ ብሎ የካርቶኑን አሠራር የመረጡት እርስዎ ስለሆኑ፣ አቅራቢው «በእኔ ሙያ አልተማመኑም፤ እኔ የታዘዝኩትን ሠራሁ» የሚል መከራከሪያ አገኘ። በጻፉልኝ ብቻ ከሄድን እሱ ላይ ያለዎት ጉዳይ ደካማ ነው። ይህን ሳልሸፋፍን ብነግርዎ ይሻላል።

ግን ተስፋ አይቁረጡ። ከአቅራቢው ጋር የተለዋወጡትን መልእክት ሁሉ ይፈትሹ። በቴሌግራምም ይሁን በኢሜይል «ዕቃው ብረት ነው፣ 20 ኪሎ ነው፣ 6 እንደርባለን» ያሉበት መስመር ካለ ነገሩ ይገለበጣል። የሽያጭ ሠራተኛው መጋዘናችሁ መጥቶ አይቶ «ይሄ ይበቃችኋል» ብሎ ከሆነም እንደዚያው። አንዲት እንዲህ ያለች መልእክት ከብዙ ገጽ ክርክር ትበልጣለች።

አንዳንድ ካርቶን ሥሩ ላይ ክብ ማኅተም አለው፤ «ኢ.ሲ.ቲ. 32» ዓይነት ነገር የተጻፈበት። ብዙ ሰው ይህን የካርቶኑ ዋስትና አድርጎ ይወስደዋል። ኢ.ሲ.ቲ. የሚለካው የሉኩን ጠርዝ ጥንካሬ ነው፤ 32 ማለት አንድ ኢንች የጠርዝ ርዝመት 32 ፓውንድ ይችላል ማለት ነው። ማኅተሙ አሜሪካ ውስጥ ከጭነት አጓጓዦች ደንብ ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። በዚያ ደንብ ኢ.ሲ.ቲ. 32 የሆነ ካርቶን ከነዕቃው ከ65 ፓውንድ፣ ማለትም ከ29 ኪሎ ተኩል ገደማ ማለፍ የለበትም። ይህ አንዱ ካርቶን ውስጥ ስለሚገባው ክብደት ነው። ስድስት ሲደረብ የታችኛው ምን እንደሚሆን አይነግርዎትም። ላቦራቶሪው ካርቶኑን መርምሮ ማኅተሙ ከሚለው በታች ሆኖ ካገኘው ግን የመጀመሪያውን ጠንካራ ማስረጃ አገኙ። ያኔ አቅራቢው የሸጠልዎ የተባለውን ዕቃ አይደለም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ለክርክሩም ለቀጣዩ ትእዛዝም ይጠቅማል። 20 ኪሎ የሆነ ካርቶን 6 ሲደረብ፣ የታችኛው በላዩ የተቀመጡትን 5 ይሸከማል። 100 ኪሎ ነው። «እንግዲያው 100 ኪሎ የሚችል ካርቶን ይበቃል» የሚል ካለ ተሳስቷል። የካርቶን የመደራረብ አቅም የሚለካው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ በተለመደው የምርመራ አየር፣ ማለትም በ23 ዲግሪ ሴልሺየስና በ50 በመቶ እርጥበት ነው። መጋዘን ሌላ ነው። በማሸጊያ ሙያ በሚሠራባቸው የግምት ቁጥሮች መሠረት፣ ካርቶን ሸክም ተጭኖበት 30 ቀን ሲቆይ ከአቅሙ የሚተርፈው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ሲደርስ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ገደማ ያጣል። ሁለቱ ሲጣመሩ ከላቦራቶሪው ቁጥር የሚተርፈው 41 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 100 ኪሎ ለመሸከም በላቦራቶሪ ወደ 245 ኪሎ የሚችል ካርቶን ያስፈልግ ነበር።

ሌላም አለ። ካርቶኖቹን እንደ ጡብ እያቆላለፉ ደርድረው ከሆነ፣ ከአቅማቸው ከ40 እስከ 60 በመቶ ያጣሉ። አብዛኛውን ሸክም የሚይዙት አራቱ ማዕዘኖች ናቸው፤ ማዕዘን በማዕዘን ላይ ካልተቀመጠ ሸክሙ ደካማው መሃል ላይ ያርፋል። በግማሽ ብንወስደው እንኳ የሚያስፈልገው ወደ 490 ኪሎ ይወጣል። ከፓሌቱ ጠርዝ ወጣ ብሎ የተቀመጠ ካርቶንም ከ20 እስከ 40 በመቶ ያጣል። የአቅራቢው ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ይህን ነው፦ «እንዴት ነው የደረደራችሁት?» መልሱን ከወዲሁ ይወቁት። ጥፋቱ በከፊል የእናንተ ሆኖ ከተገኘ ካሣው በዚያው ልክ ሊቀነስ ይችላል።

ስለ ካሣው መጠንም ላስጠንቅቅዎ። አንድ ካርቶን ርካሽ ነው፤ ውስጡ ያለው ውድ ነው። ተዋዋይ በተለምዶ የሚከፍለው ውሉ ሲደረግ ሊገምተው ይችል የነበረውን ጉዳት ነው። አቅራቢው ካርቶኑ ምን እንደሚገባበት ካላወቀ «ኪሣራው የካርቶኖቹ ዋጋ ነው» ይላል። የደረሰኙን ወይም የፕሮፎርማውን ጀርባም ያንብቡ። እዚያ በደቃቅ ጽሑፍ «ኃላፊነታችን ካርቶኑን በመተካት ይወሰናል» የሚል ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ገዢዎን በተመለከተ ብዙ ላኪዎች በአንድ ነገር ይሳሳታሉ። «ዕቃውን ለአጓጓዡ አስረክቤያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው አደጋ የገዢው ነው» ይላሉ። የመንገድ አደጋን በተመለከተ ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ደካማ ማሸጊያ ግን ዕቃው ከእጅዎ ሲወጣ አብሮት የነበረ ጉድለት ነው። የቪየናው ስምምነት በሚሠራበት ሽያጭ ማሸጊያው በተለመደው መንገድ፣ የተለመደ መንገድ ከሌለም ዕቃውን ለመጠበቅ በሚበቃ መልኩ መሆን አለበት። አደጋው ወደ ገዢው ሲተላለፍ የነበረ ጉድለት በኋላ ቢታይ እንኳ ሻጩ ይጠየቅበታል፤ አንቀጽ 36 ነው። ስለዚህ ገዢው ዋጋ ቀንሶ ለመክፈል መጠየቁ ያለ ምክንያት አይደለም። መጠኑ ላይ ግን ይከራከሩ። ከላይ ባሉት ካርቶኖች ያለው ዕቃ ካልተጎዳ የዚያን ሙሉ ዋጋ መክፈል አለበት። የተጫጫረውም ተስተካክሎ የሚሠራ ከሆነ ገዢው ጉዳቱን ለመቀነስ ተገቢውን የማድረግ ግዴታ አለበት። ከገዢው ጋር በድርድር ቢጨርሱ ይሻላል፤ እሱን ማጣት ከካርቶኑ በላይ ያስከፍልዎታል።

አጓጓዡ «ማሸጊያው ደካማ ነው» ማለቱ ብቻውን አያድነውም። ለዓለም አቀፍ የመኪና ጭነት የወጣው እ.ኤ.አ. የ1956ቱ ስምምነት፣ ሲ.ኤም.አር. የሚባለው፣ በማሸጊያ ጉድለት ከሚመጣ ጉዳት አጓጓዡን ነጻ ያደርገዋል። ግን ሲረከብ የዕቃውንና የማሸጊያውን ውጫዊ ሁኔታ የማየት ግዴታም ጥሎበታል። የጭነት ሰነዱ ላይ ምንም ቅሬታ ሳያሰፍር ከፈረመ፣ ማሸጊያው በውጭ ሲታይ ደህና እንደነበር ይገመታል። ሰነዱን አውጥተው ያንብቡ። «ካርቶኖቹ ጎብጠዋል» የሚል ነገር አለበት? ከሌለበት ካርቶኖቹ መጋዘን ሳሉ ተጨፍልቀዋል የሚለው ክርክር ይዳከማል። ከጭነቱ በፊት የተነሣ ፎቶ ካለም አብሮ ይግባ። ሌላው ሊያስቡበት የሚገባው፣ በዚሁ ስምምነት ላኪው በማሸጊያው ጉድለት በሰው፣ በመኪናው ወይም በሌላ ሰው ጭነት ላይ ለሚደርስ ጉዳትም ይጠየቃል። 20 ኪሎ ብረት ሲወድቅ የሚጎዳው ካርቶን ብቻ አይደለም።

የጊዜ ገደቡ ጥብቅ ነው። በውጭ የማይታይ ጉዳት ሲሆን ሲ.ኤም.አር. ለጽሑፍ ማስታወቂያ 7 ቀን ይሰጣል፤ እሑድና በዓላት አይቆጠሩም። በባሕር ጭነት በሔግ ቪዝቢ ደንብ 3 ቀን ነው። በአየር ጭነት በ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት 14 ቀን ነው፤ እዚያ ቀኑ ካለፈ ማጭበርበር ካልነበረ በቀር አጓጓዡን መክሰስ አይቻልም። ማስታወቂያውን የሚሰጠው ዕቃውን የተረከበው ስለሆነ ገዢው መስጠቱን አሁኑኑ ይጠይቁት።

ኢንሹራንሱ ላይ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎም። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራባቸው የጭነት መድን ውሎች፣ ሰፊው «ኤ» የሚባለው ጭምር፣ የተለመደውን ጉዞ የማይችል ማሸጊያ ያመጣውን ጉዳት አይሸፍኑም፤ ያሸገው ራሱ መድን ገቢው ከሆነ ወይም የታሸገው መድኑ ከመጀመሩ በፊት ከሆነ። ቁልፉ «የተለመደ ጉዞ» የሚለው ነው። መኪናው ተገልብጦ ወይም ዝናብ ገብቶበት ከነበረ ያ የተለመደ ጉዞ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ከሾፌሩ ያጣሩ።

ቀጣዩን ትእዛዝ እንዴት ይጻፉ? ምክሬ፣ ካርቶኑን አይዘዙ፤ ሸክሙን ይግለጹ። ፕላይ፣ ውፍረት፣ የወረቀት ዓይነት ለአቅራቢው ይተዉለት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«እያንዳንዱ ካርቶን 20 ኪሎ የብረት መለዋወጫ ይይዛል። በፓሌት ላይ ማዕዘን በማዕዘን 6 ተደርቦ፣ የአየር እርጥበቱ እስከ 80 በመቶ በሚደርስ መጋዘን እስከ 60 ቀን ይቆያል፤ ከዚያም በከባድ መኪና ይጓዛል። አቅራቢው ይህን አገልግሎት ተረድቶ ለዚህ የሚበቃ ካርቶን መርጧል። ካርቶኑ በ23 ዲግሪና በ50 በመቶ እርጥበት ሲመረመር ቢያንስ ____ ኪሎ ይችላል።»

ባዶ ቦታውን እርስዎ አይሙሉት፤ አቅራቢው ራሱ ሞልቶ ይፈርም። ቁጥሩን እርስዎ ከሰጡትና ካርቶኑ ያንን አሟልቶ ከተጨፈለቀ፣ ተመልሰን ወደ «ባለ 5 ፕላይ» ክርክር ነው የምንገባው። ያገኙትን ቁጥር ከላይ ካለው ሒሳብ ጋር ያስተያዩት። 120 ኪሎ ብሎ ከጻፈ ሌላ አቅራቢ ይፈልጉ። ከየምርቱ ጥቂት ባዶ ካርቶን በሁለታችሁ ፊርማ ታሽጎ እንዲቀመጥም ይስማሙ። የጽሑፍ ውሉ ውስጥ ኃላፊነቱ ካርቶኑን በመተካት ብቻ አይወሰንም የሚል መስመር ቢገባ ጥሩ ነው። አቅራቢው እንቢ ሊል ይችላል፤ ቢያንስ እስከ ተወሰነ ገንዘብ ድረስ እንዲስማማ ይደራደሩ።

የቀረውን የካርቶን ሂሳብ መያዝ እንችላለን ወይ ላሉት፣ ዝም ብለው አይያዙት። ምክንያት ሳይሰጡ ካልከፈሉ ውል አፍራሹ እርስዎ ይሆናሉ። መጀመሪያ ጉድለቱን በጽሑፍ ያስታውቁ፤ በየትኛው ቀን የተረከቡት፣ የትኛው መጠን፣ ምን እንደሆነ በዝርዝር ይጻፉ። ባዶዎቹን ካርቶኖች አብራችሁ እንድታስመረምሩም ይጋብዙት። ክፍያውን የያዙት ምርመራው እስኪያልቅ መሆኑን እዚያው ደብዳቤ ላይ ያስፍሩ፤ ክርክር የሌለበትን ካርቶን ዋጋ ግን ይክፈሉ። ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ውሉንና የጭነት ሰነዱን ይዘው በአገርዎ ያለ ጠበቃ ቢያዩ መልካም ነው፤ ክፍያ መያዝ የሚፈቀድበት ሁኔታ ከአገር አገር ይለያያል።