ያቺን ቁጥር ከመቀየራችሁ በፊት

ዳታቤዝ ማስተዳደር ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

«ሲስተሙ ተንቀራፈፈ» የሚል ስልክ ሲመጣ እጃችሁ ቶሎ ወደ ኮንፊግ ፋይሉ እንደሚሄድ አውቃለሁ። የኔም ለዓመታት ወደዚያው ነበር የሚሄደው። አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ ችግሩ ሲጠፋ ማየት ደስ ይላል። ብቻ ችግሩ በእርግጥ መጥፋቱ አይታወቅም።

አንድ ጊዜ 64 ጊጋባይት ራም ያለው የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው) ሰርቨር በእጄ ነበር። የወር መጨረሻ ሪፖርቱ አልወጣ እያለ አስቸገረ። ሎጉን፣ ማለት የሰርቨሩን መዝገብ፣ ሳየው ክዌሪው (ለዳታቤዙ የቀረበው ጥያቄ) ዳታውን ለመደርደር ራም አልበቃ ብሎት ዲስክ ላይ ጊዜያዊ ፋይል ይጽፋል። እስከዚህ ድረስ አልተሳሳትኩም። ከዚያ ወርክ ሜም የሚባለውን የመሥሪያ ራም ጣሪያ፣ ሲጫን 4 ሜጋባይት የሆነውን፣ ለመላው ሰርቨር 256 አደረግኩት። ሪፖርቱ በረረ። እኔም ጀግና ሆኜ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ሲጀምር ዳታቤዙ ወደቀ። ተነሳ። እንደገና ወደቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

የረሳሁት ማባዛትን ነበር። ወርክ ሜም የሰርቨሩ ጠቅላላ ጣሪያ አይደለም። የአንድ ኮኔክሽን (ከዳታቤዙ ጋር የተከፈተ አንድ ግንኙነት) ጣሪያ እንኳን አይደለም። የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የመደርደርና የሃሽ (ዳታ የማዛመድና የማቧደን) ሥራ ነው፤ አንድ ክዌሪ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ ሦስት አራት ሊኖር ይችላል። 200 ኮኔክሽን አንድ አንዱን ብቻ ቢጠቀም እንኳ 50 ጊጋባይት ሞላ። ሼርድ በፈርስ፣ ፖስትግሬስ ዳታ የሚያቆይበት የጋራ ራም፣ 16 ጊጋባይቱን ይዞ ቁጭ ብሏል። 66 እንግዲህ 64 ውስጥ አይገባም፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ገና ድርሻውን አልወሰደም።

ሊኑክስ ራም ሲያልቅበት አንድ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) መርጦ ይገድላል። የፖስትግሬስ ፕሮሰስ እንዲህ በድንገት ሲሞት፣ ዋናው ፕሮሰስ የጋራው ሜሞሪ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። የሌሎቹንም ኮኔክሽን ሁሉ ቆርጦ እንደ አዲስ ይነሳል። አንዱ ሞቶ ሁሉም የሚወጣው ለዚህ ነው። የዳታቤዙ ሎግ በሲግናል 9 መገደሉን ይነግራችኋል እንጂ ገዳዩን አይነግራችሁም። ገዳዩን ከከርነሉ፣ ከሊኑክስ እምብርት፣ ሎግ ፈልጉ። እኔ ይህን ሳላውቅ ግማሽ ቀን የተሳሳተ ፋይል ሳነብ ዋልኩ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ቁጥሩን ወደ ነበረበት መለስኩና ሪፖርቱ ለሚገባበት ዩዘር ብቻ ከፍ አደረግኩት። አንድ ሰው ለሚሠራው ከባድ ሥራ ሁለት መቶውን ሰው መጫን ምን ይባላል?

ራም ስትመለከቱ ደግሞ አትደንግጡ። ፍሪ የሚለውን ትእዛዝ ጽፋችሁ ነፃው ራም ትንሽ ሆኖ ብታገኙት ብዙ ጊዜ ምንም ችግር የለም። ሊኑክስ ሥራ የፈታ ራም አይወድም፤ ከዲስክ ያነበበውን ያስቀምጥበታል፣ ሲፈለግም ይለቃል። ማየት ያለባችሁ «አቬይለብል» የሚለውን ዓምድ ነው። ቪኤምስታት በሚባለው ትእዛዝ ላይ ወደ ስዋፕ (ራም ሲጠብ ዲስክ ላይ ያለው ማስቀመጫ) መግባትና መውጣቱ ካላቋረጠ ግን ያን ጊዜ ተጨነቁ።

ከሌላ ሰው የተቀዳ ቁጥርም አያዋጣም። ፖስትግሬስ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙንም ካሽ (ከዲስክ ያነበበውን የሚያቆይበትን ራም) ስለሚጠቀም፣ ለሼርድ በፈርስ የተለመደው መነሻ የራሙ ሩብ ነው። የሌላው ዳታቤዝ፣ የማይኤስኪውኤል፣ ኢኖዲቢ በፈር ፑል (ዳታ የሚያቆይበት ራም) ግን ሰርቨሩ ለሱ ብቻ ከሆነ እስከ 80 በመቶ ሊሰጠው ይችላል። የአንዱን ለሌላው ብትሰጡ ሁለቱም ይከፋቸዋል። የፖስትግሬሱ ኢፌክቲቭ ካሽ ሳይዝ የሚባለው ቁጥር ደግሞ አንድ ባይት እንኳ አይይዝም፤ ለፕላነሩ፣ የክዌሪውን መንገድ ለሚመርጠው ክፍል፣ የሚሰጥ ግምት ብቻ ነው። ከፍ አድርገውት «ራም ሰጠሁት» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ከነሱ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ኮኔክሽን ሲያልቅ ማክስ ኮኔክሽንስን (የኮኔክሽን ብዛት ጣሪያውን) ወደ 1000 ከማድረስ ፒጂባውንሰርን፣ ጥቂት ኮኔክሽን ለብዙዎች የሚያጋራውን ፕሮግራም፣ ፊት ለፊት አቁሙ።

እና ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የራም አይደለም። ክዌሪው እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ ኤክስፕሌይን አናላይዝ፣ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አሥር ረድፍ ለማውጣት ሚሊዮን ረድፍ የሚያነብ ክዌሪ ታገኛላችሁ። አንድ ኢንዴክስ (ረድፉን ቶሎ የሚያስገኝ ማውጫ) የጎደለው ክዌሪ ነው። ራም ብትጨምሩለት ሠንጠረዡ እስኪያድግ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ያኔ ደግሞ እናንተ ሥራ ቀይራችኋል፤ ተረኛው ሌላ ምስኪን ነው።

አንድ ነገር ቀይሩ፣ ለኩ፣ ከዚያ ሌላውን ንኩ። ሦስቱን ባንዴ ከነካችሁ የትኛው እንደረዳና የትኛው እንደጎዳ አታውቁትም።

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ የምጽፍበት ፋይል አለኝ። ቀኑ፣ የድሮው ቁጥር፣ አዲሱ ቁጥር፣ ምክንያቱ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ወርክ ሜም ከ256 ወደ 4። ኮኔክሽኑን አልቆጠርኩም ነበር።»